ቾልና የማማ ፖኒ ሜዳ

ቅዳሜ ማለዳ በሬ ሲንኳኳ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ቅዳሜ የእግር ጉዟችን ቀን ስለሆነ ቾል የመጣ መስሎኝ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያልኩ ከፈትኩ። ጋሽ ተሾመ ናቸው፤ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው የምሠራበት ሆቴል ባለቤት። ከኋላቸው የሆቴሉ ወጥ ሠሪ እትዬ ዘነበች ቆማለች። «ዛሬስ ጉድ ነው፣ ጋሽ ተሾመም በእግር ሊሄዱ! ውሃ ልያዝና እንውጣ» ብዬ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ጀሪካኑን አዘንብዬ ጠርሙሴን ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅሁ። ዞር ስል ሁለቱም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበሷን ያየሁት ያኔ ነው።

«ሂሩት፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ ጋሽ ተሾመ።

የኛ አገር ሰው በማለዳ ደጅ ቆሞ ቁጭ በይ ካለ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማነው?» አልኩ።

«ቾል።»

ወባ ነው ተብሎ ሆስፒታል እንደገባ ሰምቼ ነበር። ጁባ ውስጥ ወባ ያልያዘው ማን አለ? ለቅዳሜ ይደርሳል ብዬ አልጠየቅሁትም። ትናንት አመሻሽ ላይ አረፈ አሉኝ። ቁጭ አልኩና የቀዳሁትን ውሃ ከፍቼ ጠጣሁት። እትዬ ዘነበች ፊት ፊቴን ታያለች፤ እስክጮህ ትጠብቃለች። ምንም አልመጣልኝም። ወንድሜ አገር ቤት የሞተ ጊዜም እንዲሁ በማለዳ መጥተው ነው የነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ማለት ነው። ሲነኩኝ መነካቴን አውቃለሁ፤ አያመኝም።

«ለማማ ፖኒም መንገር አለብን» አሉ ጋሽ ተሾመ። «አረብኛው ያለሽ አንቺ ነሽ። እኔማ በምን ዓይኔ ደጃቸውን እረግጣለሁ?»

እሺ አልኩ። ማማ ፖኒ ማን እንደሆኑ፣ ጋሽ ተሾመስ ደጃቸውን ለምን እንደፈሩ ለመናገር ግን ከቾል መጀመር አለብኝ።

ቾል ኑዌር ነው። ረጅም ነው ማለት ለሱ አይበቃም። በሆቴላችን በር የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው፤ ጋሽ ተሾመ መጀመሪያ ሰሞን ለሳቸው እጅ የሚነሳ መስሏቸው በጣም ይወዱት ነበር። በስደተኛ ልጅነት ጋምቤላ አደገ፣ አዲስ አበባ ተማረ፣ አገሩ ነፃ ስትወጣ ተመለሰ። ጁባ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሹፌር ሆኖ ይሠራል። «ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው፤ ቅዳሜ እንኳ ቆሜ ልሂድ» ይላል። ጋሽ ቾል እያልኩ አንቱ ስለው፣ «ተይኝ እባክሽ፣ አንቱ ስባል እግሬ ይከብደኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቾል ብቻ ሆነ።

የተዋወቅነው ሽሮ በልቶ ሂሳብ ሲከፍል ነው። እኔ ካሸር ነኝ። መልሱን ስሰጠው ኪሱ ሳይከተው ቆመና፣

«ጁባ ከመጣሽ ቆየሽ?» አለኝ።

«ኧረ ቆየሁ።»

«ነጭ ዓባይን ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

«በድልድዩ አልፌያለሁ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ነክተሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴል፣ የተከራየሁት ክፍል፤ እኔ የማውቃት ጁባ ይህች ናት። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን። «በየሠርጉ ዓባይ ዓባይ እያላችሁ ትዘፍናላችሁ፣ እዚህ ስትመጡ ደጃችሁ ሲያልፍ ሰላም አትሉትም» አለና ሳቀብኝ። «ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ። በነፃ ነው።»

እውነትም መጣ፤ ጎረቤት ሰዎችንም አስከትሎ። ገና ጎህ ሲቀድ የሆቴሉን በር አንኳኩ። የከፈተችው እትዬ ዘነበች ናት። ብዙ ሰው በማለዳ በር ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ስታይ «ወይኔ እናቴን!» ብላ ጮኸች፣ መሬት ላይ ተዘረረች። ሆቴሉ በሙሉ ነቃ። እንግዶች በፎጣ ወጡ፣ ጋሽ ተሾመ በጋቢ ወጡ። ቾል ከኛ ጋር ያደገ ሰው አይደል? ያደረገው ነገር ወዲያው ገባውና ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እትዬ፣ ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም! ለሽርሽር ነው!» እያለ አጠገቧ ተንበረከከ። እትዬ ዘነበች ያን ሳምንት ሽሮውን ያለ ቅቤ ነው የላከችለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሁላችን ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። «ካስደነገጠኝ አይቀር ምን እንደሆነ ልየው» አለች።

የሚወስደን ንያኩሮን የሚባል ሰፈር ዳር ወዳለ ሰፊ ሜዳ ነው። ጁባ ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ መናፈሻ ፈልጎ ለወጣ ሰው ግን ያለው ምርጫ ሆቴል ገብቶ ሶዳ ማዘዝ ነው። ሜዳው ላይ ማንጎና ኒም አለ፣ በዝናብ ጊዜ የሚሞላ ትንሽ ጅረት አለ፣ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ አለ። ቾል «ፓርካችን» ይለዋል። የሜዳው ባለቤት ማማ ፖኒ የሚባሉ አሮጊት የባሪ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከሜዳው ጥግ ነው፣ እናትና አባታቸውም ከኒሞቹ ሥር ተቀብረዋል። ቾል ማንንም ሳያመጣ በፊት ሄዶ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ፈቅደዋል፣ በአንድ ነገር ብቻ።

ጁባ ውስጥ የሰው መሬት የሚወሰደው በእንጨት ነው። አንዱ መጥቶ ችካል ይተክላል፤ በነጋታው የኔ ነው ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የጠመንጃና የዘመድ ነው። ስለዚህ ማማ ፖኒ ያሉት ይህን ነው፦ ሂዱበት፣ ሩጡበት፣ ተኙበት፣ ነገር ግን መሬቴ ላይ ምንም እንዳትተክሉ፤ የተከላችሁ ቀን አለቀ። ቾል አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይህን ይነግረዋል። በቀረው ነገር ሁሉ ይቀልዳል፣ በዚህ አይቀልድም። «ይህ ሜዳ አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው። ያለው የኔና የሴትዮዋ ቃል ነው» ይላል። ጁባ ውስጥ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ያ ሜዳ ለማንም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ነበር። ቤት ስጠኝ፣ መኪና ስጠኝ ብሎ ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

እዚያ የምናደርገውን ለሌላ ሰው ስናገር ያሳፍረኛል፤ ልጆች የሚጫወቱት ነው። ጫማ አውልቀን ጤዛ ላይ እንሄዳለን። ዓይናችንን በሻሽ ታስረን ከዛፍ ዛፍ የተወጠረ ገመድ በእጃችን ይዘን እንሄዳለን፤ ስንወጣ ቾል ገመዱን ፈትቶ ይወስደዋል። ጅረቱን በገመድ ተንጠልጥለን እንሻገራለን። ዝም ብለን ተቀምጠን ወፍ እናዳምጣለን። ቾል የወፎቹን ስም አያውቅም። ራሱ በራ የሆነውን አባ ኮዳን «የቢሮ ኃላፊ» ብሎታል፣ ሌላውን ሁሉ ስንጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ስሙን አላውቀውም፣ እሱም የኔን አያውቀውም፤ ተስማምተን እንኖራለን።»

እትዬ ዘነበች ሁመሩ ላይ የወጣችበትን ቀን ግን ሳልናገር አላልፍም። ኃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። ቾል ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረላት፣ ማንጋቴን የተፈናቃዮች መጠለያ የምትኖረው ኛኪም ከሥር እግሯን እየገፋች አወጣቻት። ኛኪምም ጋምቤላ ካምፕ ያደገች ናት፤ ከመጣች ጀምሮ ከእትዬ ዘነበች ጎን አትጠፋም። እትዬ ዘነበች ወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ ደርሳ ተቀመጠች። ጊዜው ሲደርስ ውረጂ ብንላት አልወርድም አለች።

«እትዬ፣ ቁርስ ይደርሳል እኮ!» አልኳት ከታች።

«ተዉኝ! እዚህ ማንም ዘነበች ብሎ አይጠራኝም!»

ቾል ማንም እንዲጠራት አልፈቀደም። ገመዱን እንደያዘ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ያን ቀን ሆቴሉ ቁርስ ያቀረበው እንቁላል ብቻ ነው፤ ጋሽ ተሾመ ተቆጡ።

አንድ የማይፈቅደው ጥያቄ ነበር፦ «ከየት ነህ?» የሚለው። ይህ ጥያቄ በዚህ አገር ምን እንደሚያስከትል እኛ መጤዎቹ በደንብ አይገባንም። ከማንጋቴን መጠለያ የሚመጡት ሰዎችና የንያኩሮን ጎረቤቶች ሌላ ቦታ ቢገናኙ ሰላም ላይባባሉ ይችላሉ። አንድ ቀን ለምን ይህን ሁሉ እንደሚለፋ ጠየቅሁት። «በልጅነቴ የሄድኩት ሁሉ ስሸሽ ነው» አለኝ። «እናቴ እጄን ይዛ፣ እኔ የታናሼን እጅ ይዤ። ሳይሸሹ መሄድ እንዴት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። ብቻዬን ስሄድ ደግሞ የምሸሽ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰው ሰበሰብኩ።»

እኔን አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም። ሐዘኔን ያውቃል፤ ሁልጊዜ ከኋላ ስቀር ዞር ብሎ አያይም፣ ግን አካሄዱን ያዘገያል። አንድ ቅዳሜ እስከ ወንዙ ድረስ ወሰደን። ሁሉም እጁን ሲነክር እኔም ነከርኩ።

«እህስ?» አለኝ።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኩት።

«ይበቃል» አለ፣ እንደ እውነቱ የበቃው መስሎ።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። የኛ ሰው የማይችለው ነገር ቢኖር በነፃ መቀበል ነው። ውለታ ያሳክከናል። መጀመሪያ ለቾል ጋቢ ገዛንለት፤ አልቀበልም አለ። ሽሮውን በነፃ ብላ አልነው፤ ሌላ ቤት እበላለሁ ብሎ አስፈራራን። ቾል እናቱን ሊያይ ጋምቤላ በሄደ ጊዜ ጋሽ ተሾመ ስብሰባ ጠሩ። የኛ ሰው ሦስት ሆኖ ከተሰበሰበ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መምረጡ አይቀርም። ጋሽ ተሾመ አንድም ቀን በእግራቸው ሳይሄዱ የእግር ተጓዦች ሊቀመንበር ሆኑ። መዋጮ ተዋጣ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ቅጣት ወጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቾል ሲመለስ ደስ እንዲለው በሁለት ብረት የቆመ ትልቅ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሠራ፦ «የቅዳሜ እግር ተጓዦችና የተፈጥሮ ወዳጆች መረዳጃ ማኅበር»።

እትዬ ዘነበች፣ «ሴትዮዋ እንጨት አትትከሉ ብለዋል እኮ» አለች።

«ይሄ ምኑ ነው እንጨት?» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ብረት ነው። ደግሞስ ሜዳውን ሊያስከብርላቸው ነው!»

በሲሚንቶ ተከሉት። ሪባንም ተቆረጠ።

ማማ ፖኒ በነጋታው መጥተው ሰሌዳው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ አሉ። አማርኛ አያነቡም፣ ምን እንደሚል የጠየቁትም ሰው የለም። ጁባ ውስጥ መሬት ላይ የቆመ ሰሌዳ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። ሳምንት ሳይሞላ ልጆቻቸው ሜዳውን ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩት።

ቾል የተመለሰ ዕለት ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ እዚያ ወሰድነው። ሰሌዳውን ነቅለን ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ አጋድመነው ነበር፤ ብረቱ ሥር የያዘው ሲሚንቶ እንዳለ ነው። ቾል ቆርቆሮውን በመዳፉ ዳሰሰው። ጋሽ ተሾመ አጠገቡ ቆመው ደስ እንዲለው ብለው እንደሆነ ደጋግመው ያስረዱታል። ይጮህባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከናንተ ጋር ነው ያደግሁት። እያወቅኋችሁ ትቼያችሁ ሄድኩ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉዞው የቀረ መስሎኝ ተኝቼ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ውጭ መሄድ ጀመርን። በአንዱ ወገን ቆርቆሮው፣ በሌላው ወገን የቆሻሻ ቦይ፣ በመሀል ቀጭን መንገድ። ጠዋት ጠዋት የዳር ዳሩ ዛፎች ጥላ ከአጥሩ ውጭ ይወድቃል፤ እዚያ ቁጭ ብለን ውስጥ የሚጮሁትን ወፎች እናዳምጣለን። «ጥላውን ማን አጠረው? ይኸው ወጥቷል፤ በነፃ ነው» ይላል ቾል። የሚገርመው ሰው አልቀነሰም። ከማንጋቴን የሚመጡት እንዲያውም በዙ።

ጋሽ ተሾመ ጥፋታቸው እንቅልፍ ነሳቸው። ሽማግሌ ይዘው፣ እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ድንጋይ ተሸክመው የማማ ፖኒ እግር ላይ ሊወድቁ ቆረጡ። ድንጋዩንም መርጠው ሆቴሉ ጓሮ አስቀምጠዋል። ቾል ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! ድንጋይ ይዘው የሴትዮዋ መሬት ሊገቡ? እዚህ አገር ድንጋይ ማለት ድንበር ነው። ቆርቆሮውን አፍርሰው ግንብ እንዲገነቡብን ነው?»

«ታዲያ ምን ይዤ ልሂድ?»

«ምንም። እንዲሁ ሄደው ይቀመጡ።»

ጋሽ ተሾመ ድንጋዩን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። ሳይዙ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት ይሆናል? በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አሉ። ከዚያም በሚቀጥለው። ቾል «የርስዎ ጥፋት አይደለም» ቢላቸውም አላመኑትም፤ ሊያጽናናቸው ያለው መሰላቸው።

እሱ ግን ጉዞው ሲያልቅ ሁልጊዜ ወደ ማማ ፖኒ ጎራ ይላል። እኛ መንገድ ላይ እንጠብቀዋለን። ሲወጣ «ምን አሉ?» እንለዋለን። «እያሰቡበት ነው። ዝናቡ ይለፍ ብለዋል» ይለናል። ዝናቡ አለፈ። ሌላ ዝናብ መጣ። ቾል መመለሱን አልተወም፣ እኛም መጠየቁን አልተውንም። ይከፈታል ብዬ አምን ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ያን ጊዜ የማምነው ነገር አልነበረኝም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ጫማዬን አስር ነበር።

እንግዲህ በዚያ ማለዳ ሦስታችን ወደ ማማ ፖኒ ሄድን። ጋሽ ተሾመ መኪናቸውን አላስነሱም፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቅኋቸው። ማማ ፖኒ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ሲያዩን መጥረጊያውን ቆም አድርገው ከኋላችን ተመለከቱ፣ እንደ ወትሮው ረጅሙን ሰው ፍለጋ።

«ቾል ወይን?» አሉ፤ ቾልስ የት አለ ማለታቸው ነው።

በአማርኛ ቢሆን ዙሪያውን እሄድ ነበር። ታሞ ነበር እላለሁ፣ እግዜር የሰጠውን ይወስዳል እላለሁ፣ ቁጭ ይበሉ እላለሁ። የኔ አረብኛ የገበያ አረብኛ ነው፤ ለመርዶ የሚሆን መግቢያ የለውም።

«ማማ፣ ቾል ሙቱ» አልኳቸው። ቾል ሞተ።

መጥረጊያውን ጣሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። ጋሽ ተሾመ በጥሩ ሱሪያቸው አቧራው ላይ ተንበረከኩና ሲያንሰላስሉት የኖሩትን ሁሉ በአማርኛ አፈሰሱት፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ሪባኑም ጭምር። እኔ እተረጉማለሁ። ማማ ፖኒ እጃቸውን ዝንብ እንደማባረር አወናጨፉ።

«ልጆቼ ሰሌዳችሁ ከመቆሙ በፊት ገዥ አግኝተው ነበር» አሉኝ። «እኔ እንቢ ስል ምክንያት አጥተው ነበር፤ እናንተ ሰጣችኋቸው፤ እናንተ ባትሰጧቸው ሌላ ያገኙ ነበር። ሜዳው የተሸጠው አጥሩ የታጠረ ሰሞን ነው።»

«ቾልስ ያውቃል?» አልኩ።

«ያውቃል» አሉ። «የዚያኑ ሰሞን ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ማማ ፖኒ ጥያቄዬ የገረማቸው ይመስል አዩኝ። «ሊቀመጥ ነዋ» አሉ። «ልጆቼ አይቀመጡም፤ እሱ ይቀመጣል። ‹ንገራቸው› እለዋለሁ፤ ‹ካወቁ ይቀራሉ› ይለኛል።»

ለጋሽ ተሾመ ተረጎምኩላቸው። ተንበርክከው ቀሩ፤ የከበዳቸው ይሁን የቀለላቸው ከፊታቸው አልለየሁትም። እኔ ተናደድኩ። ከወንድሜ ሞት ወዲህ በግልጽ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ የሞተ ሰው ላይ መናደድ። ያን ሁሉ ቅዳሜ በቆሻሻ ቦይ ዳር ለማይከፈት ሜዳ አመላለሰን። እያየን ዋሸን። ደግሞ እንደማልጠይቀው አውቆ ሞተ።

ስንወጣ ሰዎቹ በአጥሩ ጥግ እንደ ልማዳቸው ቆመው ቾልን ይጠብቃሉ። የማንጋቴኖቹ አሉ፣ የንያኩሮን ጎረቤቶች አሉ፣ ኛኪም ከፊት ናት። ጋሽ ተሾመ ክንዴን ያዙኝ።

«የሱን ሞት ብቻ እንንገራቸው» አሉ። «ሜዳውን ተይው። ሁለቱንም ባንድ ቀን አይችሉትም።»

«እኔ አልዋሽም» አልኳቸው። ንዴቴ አልበረደም ነበር።

ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ሞቱን። ሴቶቹ ጮኹ፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ያዙ። ጩኸቱ ጋብ ሲል ሜዳው ከተሸጠ መቆየቱን፣ ቾልም እያወቀ እንደደበቀን ነገርኳቸው። አሁንም ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አንዱ አንዱን ያያል። እትዬ ዘነበች መሬት መሬቱን ታያለች።

ኛኪም ወደኔ ቀረበች። በነጠላዬ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና በዚያ በጋምቤላ አማርኛዋ፣ ለልጅ እንደሚነገር ቀስ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሂሩት፣ እኔ እኮ እዚያ ውስጥ ነው የምሠራው። ለግንባታው ብሎኬት ውሃ እቀዳለሁ። መሀሉ ያለው ዛፍ ሁሉ ተቆርጧል፤ ሁመሩም። ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ሁላችንም እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«እሱ እንዳይሰማ ነዋ» አለች። «ከሰማ ይቀራል ብለን።»